«የዘመኑ ቀልድ ነበር» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔም ከሦስት ወዳጆቼ ደርሶኛል፤ አንደኛው «አንብበውና ፍርድህን ስጥ» ብሎ ነው የላከልኝ። ጽሑፉ የሚናገረው ከመቶ ዓመት በፊት የጀርመን፣ የኦስትሪያና የፈረንሳይ ብሔርተኞች በአይሁድ ላይ ስላሳተሟቸው የማላገጫ ሥዕሎች ነው፤ ስለ ፖስት ካርዶች፣ ስለ ተለጣፊ ወረቀቶች፣ ስለ ፖስተሮችና በራሪ ወረቀቶች። በአማርኛ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ የሚጻፍ የለምና ጸሐፊው ርእሱን በማንሣታቸው ከልብ አመሰግናቸዋለሁ። የደረሱበት መደምደሚያ ግን ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰው እየተቀበለው ያለ ስሕተት ስለሆነም ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጸሐፊው የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ ሥዕሎቹ የዘመኑ ቀልድ ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ በማንም ላይ ይቀለድ ስለነበር በዛሬ ዓይን ልንፈርድባቸው አይገባም። ሁለተኛ፣ ያሳተሟቸው ጥቂት አክራሪዎች ናቸው፤ ሰው የፈጀው መንግሥት እንጂ ብጣሽ ወረቀት አይደለም። ሦስተኛ፣ ጥላቻው ከመካከለኛው ዘመን የወረደ የሃይማኖት ጠብ ስለሆነ በብሔርተኝነት ላይ ማላከክ አገር ወዳድነትን መክሰስ ነው። አራተኛ፣ ሥዕሎቹ የተጋነኑ ቢሆኑም «መነሻ እውነት» አላቸው፤ አይሁድ በባንክና በንግድ ጎልተው ይታዩ ነበርና። አምስተኛ፣ ይህ ሁሉ የአውሮፓውያን ዕዳ ነው፤ ኢትዮጵያውያንን አይመለከትም። ያጣመምኩት ነገር ካለ ጸሐፊው ያርሙኝ። ቀናቱንና ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በቀልዱ ልጀምር፤ ብዙ አንባቢ የተማረከው በእሱ ነውና። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የጀርመን ከተማ፣ በአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ በካርቶን የታጨቁ ፖስት ካርዶችን ሳገላብጥ «ሰላምታ ከካርልስባድ» የሚል ካርድ እጄ ገባ። ካርልስባድ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ የምትገኝ፣ ያኔ በኦስትሪያ ግዛት ሥር የነበረች የጠበል ያህል የምትፈለግ የፍል ውኃ ከተማ ናት። ካርዱ ላይ ሆዳቸው የተነፋ፣ አፍንጫቸው የተቆለመመ፣ እግራቸው የተንሻፈፈ ሰዎች ተሥለዋል። ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ አየሩ መልካም እንደሆነ፣ ሐሙስ ወደ ቤት እንደሚመለሱ፣ ልጆቹም እንዲሳሙ ተጽፏል። ስለ አይሁድ አንድም ቃል የለም።

ያ ሰላምታ ከሥዕሉ የበለጠ ዘገነነኝ። ጸሐፊው «ክፉ አላሰቡበትም» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ላኪዋ ምንም አላሰበችበትም ይሆናል። ሰው ሳያስብበት ከሱቅ መርጦ፣ ቴምብር ለጥፎ ለዘመድ ልጆች የሚልከው ሥዕል ግን የቤት ዕቃ ሆኗል ማለት ነው። ፖስታ አመላላሹ አይቶታል፤ በር የከፈተችው ሠራተኛ አይታዋለች፤ ልጆቹም ፊደል ሳይቆጥሩ በፊት «አይሁዳዊ ማለት ይህ ነው» የሚለውን ከካርዱ ተምረዋል። ጥላቻውን የሚያስፋፋው አታሚው ብቻ አልነበረም። ሰላምታ የጻፈ ሁሉ ሳያውቀው አከፋፋይ ሆኖለታል።

በማንም ላይ ይቀለድ ነበር የሚለውን እቀበላለሁ። የሙኒኩ ሲምፕሊሲሲሙስ መጽሔት የፕሩሲያን፣ ማለትም የጀርመን ትልቋን ግዛት፣ መኮንኖች፣ ቀሳውስቱን፣ ንጉሠ ነገሥቱን ሳይቀር ይሸነቁጥ ነበር፤ ሠዓሊው ቶማስ ቴዎዶር ሃይነ በ1898 ንጉሠ ነገሥቱን በመድፈር ተከስሶ ታስሯል። ጸሐፊው ግን አንድ ነገር ልብ አላሉም። በመኮንኑ ላይ የተሣለው ሥዕል ሰውየው ትዕቢቱን ቢተው የሚያበቃ ነው፤ «ከዚህ አገር ይውጣ» የሚል የለበትም። በአይሁዳዊው ላይ የተሣለው ግን የሚይዘው ሰውነቱን ነው፤ አፍንጫውን፣ ፀጉሩን፣ እግሩን። እነዚህን ሰው ሊተዋቸው አይችልም። ስለዚህ ሥዕሉ የሚያቀርበው መፍትሔ ማባረር ብቻ ነው።

ማባረር ስል በምሳሌ እየተናገርኩ አይደለም። በፍራንክፈርት ኮልነር ሆፍ የሚባል ሆቴል በ1890ዎቹ «ከአይሁድ ነጻ» መሆኑን የንግድ ምልክቱ አድርጎ በፖስት ካርድ ያስተዋውቅ ነበር። በሰሜን ባሕር ላይ የምትገኘው የመዝናኛ ደሴት ቦርኩም ደግሞ የራሷ ዜማ ነበራት፤ ጠፍጣፋ እግር፣ ቆልማማ አፍንጫና ጥቅልል ፀጉር ይዞ የሚመጣ ሰው በባሕር ዳርቻችን አይደሰትም፣ ይውጣ የሚል። እንግዶች ዜማውን በባንድ ታጅበው በአንድነት ይዘምሩት ነበር። ፖስት ካርዱና ዜማው አንድ ሥዕል ነው፤ አንዱ በቀለም፣ ሌላው በድምፅ።

«በዛሬ ዓይን አትፍረዱ» ለሚለውም መልሱ በዚያው ዘመን ይገኛል። የጀርመን አይሁድ «የአይሁድ እምነት ተከታይ የሆኑ የጀርመን ዜጎች ማእከላዊ ማኅበር» የተባለውን ድርጅት ያቋቋሙት በ1893 ነው፤ ክስ መሥርተዋል፣ የራሳቸውን መመከቻ ተለጣፊ ወረቀት አሳትመዋል። የፕሩሲያ ባለሥልጣናትም በ1924 የቦርኩም ባንድ ያንን ዜማ እንዳይጫወት ከልክለዋል፤ እግዱን በኋላ ፍርድ ቤት አነሣው እንጂ። እንግዲህ ነገሩ ነውር መሆኑን የሚያውቁ ዓይኖች ያኔም ነበሩ። ሌላው ሰው ላለማየት መረጠ።

ሁለተኛው ነጥብ «ጥቂት አክራሪዎች» የሚለው ነው። በ1919 የተመሠረተ አንድ የጀርመን ብሔርተኞች ማኅበር ነበር፤ ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የጀርመን ሕዝብ የጥበቃና የመመከቻ ማኅበር» ሊባል ይችላል። ይህ ማኅበር በ1920 ብቻ ያሰራጨው ፀረ-አይሁድ ጽሑፍ 7.6 ሚሊዮን ያህል መጠነኛ ጥራዝ፣ 4.7 ሚሊዮን ያህል በራሪ ወረቀትና 7.8 ሚሊዮን ያህል ተለጣፊ ወረቀት ነው። ተደምሮ ሃያ ሚሊዮን። የአገሩ ሕዝብ ስድሳ ሚሊዮን ገደማ ስለነበር በአንድ ዓመት ውስጥ ለሦስት ሰው አንድ ወረቀት ደርሶታል እንደ ማለት ነው። የተለጣፊው ወረቀት ጥበብ ትንሽነቱ ነው። ከቴምብር ብዙም አይበልጥም፤ ጀርባውን በምራቅ አርሶ በመብራት ምሰሶ፣ በባቡር ወንበር፣ በሱቅ መስኮት ላይ መለጠፍ አንድ አፍታ ነው፤ ለመፋቅ ግን ቢላና ትዕግሥት ይፈልጋል። ማን እንደለጠፈውም አይታወቅም። በበርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ከ2019 ጀምሮ የሚጠበቀው የአርቱር ላንገርማን ስብስብ በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ሥዕሎችን ይዟል፤ ይህን ያህል ያሳተመና የገዛ ዘመን «ጥቂት» በሚለው ቃል አይገለጽም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልተውላቸው። ወረቀቱ ብቻውን ሥልጣን አላመጣም። ሃያ ሚሊዮን ወረቀት ከተሰራጨ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1928 ምርጫ፣ የናዚ ፓርቲ ያገኘው 2.6 በመቶ ድምፅ ነበር። በሐምሌ 1932 ወደ 37.3 በመቶ ያደረሰው ከሁሉ በላይ ሥራ አጥነትና የኢኮኖሚው ውድቀት ነው። ካርድ የተቀበለ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ሆነ የሚል ካለ እኔም አብሬ እቃወመዋለሁ። ወረቀቱ የሠራው ሥራ ሌላ ነው፤ ጆሮንና ዓይንን አለማምዷል። ሚያዝያ 1 ቀን 1933 የናዚ ዘብ በአይሁድ ሱቆች ደጃፍ ቆሞ «ከአይሁድ አትግዙ» የሚል ወረቀት ሲለጥፍ፣ አላፊ አግዳሚው ጥሪውን ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቱ አልነበረም፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በተለጣፊ ወረቀት ሲያየው ኖሯል። ጥሪውን ችላ ብለው የገቡ ብዙዎች ነበሩ፤ ነገሩ ግን ለማንም እንግዳ አልሆነበትም።

«ወረቀት ሰው አይገድልም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን በፍጹም አያስኬድም። ቫልተር ራተናው የጀርመን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት እንደ ፈነዳ የአገሩን የጥሬ ዕቃ አቅርቦት ያደራጀውና ጀርመን ለዓመታት እንድትዋጋ ያስቻለው ይህ አይሁዳዊ ነው። በመንገድ ላይ «ራተናውን በጥይት በሉት» የሚል ግጥም በዜማ ሲባልበት ቆይቶ፣ ሰኔ 24 ቀን 1922 ከቤቱ ወደ ቢሮው ሲሄድ ወጣት ብሔርተኞች በጥይት ገደሉት። ሃያ ሚሊዮን ወረቀት ያሰራጨው ማኅበርም ከዚያ ግድያ በኋላ በብዙዎቹ የጀርመን ግዛቶች ታገደ። የወረቀትና የጥይትን ዝምድና የተረዳነው እኛ ዛሬ አይደለንም፤ የዚያን ጊዜዎቹ መንግሥታት ራሳቸው ናቸው።

የዩልየስ ሽትራይኸርም ጉዳይ አለ። ደር ሽቱርመር የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ በ1923 ኑርንበርግ ላይ ጀመረ፤ ከ1925 መጨረሻ ጀምሮ «ፊፕስ» በሚል ስም የሚፈርመው ፊሊፕ ሩፕሬኽት ያንኑ ቆልማማ አፍንጫ በየሳምንቱ ሣለለት። ጋዜጣውን መግዛት የማይችል ሰው በየአደባባዩ በቆሙ የማሳያ ሣጥኖች በነጻ ያነበው ነበር። ሽትራይኸር ጦር አልመራም፤ የእልቂቱንም ዕቅድ ከነደፉት መካከል አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ የናዚ መሪዎችን የዳኘው የኑርንበርግ ፍርድ ቤት ግን ለግድያና ለማጥፋት በመቀስቀሱ በሰብአዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል ጥፋተኛ ብሎት ጥቅምት 16 ቀን 1946 ተሰቀለ። ጸሐፊው ያነሡትን ጥያቄ ሕግ አዋቂዎች ማስረጃ ሰምተው፣ ተከራክረውበት መልሰውታል።

በሦስተኛው ነጥብ ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። በጀርመን ከተማ በቪተንበርግ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አይሁድን ከእሪያ ጋር አድርጎ የሚያዋርድ የድንጋይ ቅርጽ አለ፤ ዕድሜው ሰባት መቶ ዓመት አልፏል። ያን የቀረጸው ብሔርተኛ አልነበረም። ነገር ግን ቪልሄልም ማር የተባለው ጋዜጠኛ በ1879 በርሊን ላይ «የፀረ-ሴማውያን ማኅበር» ሲያቋቁም ሃይማኖትን የሚያመለክት ቃል ትቶ «ሴማዊ» የሚለውን የመረጠው ዐውቆ ነው፤ ጥምቀት የማይፈታው፣ በደም የሚወረስ ጠላትነት ለማለት። እግረ መንገዴን፣ ይህ ቃል እኛን ያደናግረናል። በትምህርት ቤት አማርኛና ግእዝ የሴም ቋንቋዎች ናቸው ተብለን ስላደግን «ፀረ-ሴማዊ» ሲባል በጅምላ የተጠላን ይመስለናል። ማር ግን በቃሉ ያነጣጠረው በአይሁድ ላይ ብቻ ነበር። ለዚህ ነው እኔ «ፀረ-አይሁድ» የምለው።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ሥዕሎች ጸሐፊው አንድ በአንድ ይመልከቷቸው። አይሁዳዊው የፈረንሳይ ጦር መኮንን አልፍሬድ ድሬይፈስ በ1894 አገሩን ከድቷል ተብሎ በሐሰት ከተከሰሰ በኋላ፣ ፓሪስ ላይ በ1899ና በ1900 በወጣ የፖስተር ተከታታይ ውስጥ ብዙ ራስ ያለው ዘንዶ ሆኖ ተሣለ፤ ርእሱ «ከሐዲው» ይላል። የከዳው ማንን ነው? ክርስቶስን አይደለም፤ ፈረንሳይን ነው። በ1919 በኦስትሪያ የታተመ አንድ ፖስት ካርድ አይሁዳዊ የጀርመንን ወታደር ከጀርባው በጩቤ ሲወጋው ያሳያል፤ ጦርነቱን ያሸነፈን እሱ ነው ለማለት። የተወጋው ካህን አይደለም፤ ወታደር ነው። በ1920 በቪየና በተለጠፈው የክርስቲያን ሶሻል ፓርቲ የምርጫ ፖስተር ላይ የሰው ራስ ያለው እባብ ንስርን ተጠምጥሞ ያንቃል፤ ንስሩ የአገሪቱ አርማ ነው። የዚህ ፖስተር ጽሑፍ «ጀርመናውያን ክርስቲያኖች» ብሎ ስለሚጣራ ሃይማኖትና ዘር ተቀላቅለውበታል፤ ያንን አልክድም። ይሁን እንጂ በሦስቱም ላይ ተበዳይዋ አገር ናት። አገሩን የሚወድ ሰው ይህን ሲያይ ሊቆጣ የሚገባው ፍቅሩን ለጥላቻ ባዋሉበት ሰዎች ላይ ነው፤ ነገሩን በሚያጋልጡት ላይ አይደለም።

አራተኛው ነጥብ፣ «መነሻ እውነት» የሚለው፣ ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ነው። አይሁድ በባንክና በንግድ ከቁጥራቸው በላይ ይታዩ እንደነበር እቀበላለሁ። ለዘመናት መሬት እንዳይዙ፣ የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር ውስጥ እንዳይገቡ ተከልክለው የተተወላቸው ያ ስለነበር ነው። ሥዕሎቹ ግን ከዚህ እውነት እንዳልተነሡ የሚያሳይ ማስረጃ ልጥቀስ።

በ1923 የጀርመን ገንዘብ ዋጋ አጥቶ በኅዳር ወር አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ሲያወጣ፣ ፀረ-አይሁድ ቡድኖች ከወረቀት በቀር ምንም ያልነበሩትን የባንክ ኖቶች እየሰበሰቡ በላያቸው ላይ የማላገጫ ሥዕል ማተም ጀመሩ። በአንዱ ላይ ያለው ግጥም ወርቁን፣ ብሩንና ጮማውን አይሁዳዊው ወስዶ ይህን ቆሻሻ ተወልን ይላል። ምን ያህል ብልኀት እንዳለው አስቡት። ሰው የዕድሜ ልክ ቁጠባው በእጁ ላይ ወረቀት ሆኖ ሲቀር፣ በዚያው ወረቀት ላይ «ያጠፋብህ እሱ ነው» የሚል መልስ ያገኛል። እውነቱስ? ጦርነቱ በብድር የተካሄደ ነበር፤ በጥር 1923 የፈረንሳይና የቤልጅግ ጦር የጀርመንን የኢንዱስትሪ አካባቢ ሩርን ሲይዝ ደግሞ መንግሥት በተቃውሞ ሥራ ያቆሙትን ሠራተኞች ለመደጎም ገንዘብ ያለ ልክ አተመ። በማተሚያው ላይ የተቀመጠው የማእከላዊ ባንኩ ፕሬዚዳንት ሩዶልፍ ሃፈንሽታይን ነው፤ አይሁዳዊ ያልሆነ የፕሩሲያ ባለሥልጣን። በኖቱ ላይ የእሱን ሥዕል ያተመ የለም።

ሌላም አለ። በጥቅምት 1916 የፕሩሲያ ጦር ሚኒስቴር «አይሁድ ከግንባር ይሸሻሉ» የሚለውን ሐሜት ተከትሎ በሠራዊቱ ያሉትን አይሁድ አስቆጠረ። ውጤቱን ግን ጦርነቱ እስኪያልቅ አላወጣውም። በጦርነቱ አንድ መቶ ሺህ ያህል አይሁድ ለጀርመን ተሰልፈው 12 ሺህ ያህሉ ሞተዋል። የአይሁድ ወታደሮች ማኅበር በ1920 ይህን ቁጥር በፖስተር አትሞ ለጀርመን እናቶች አቀረበ፤ በመቃብር ፊት የተቀመጠች እናት ሥሎ። ሐሜተኞቹ ያንን ፖስተር እያዩ ጩቤ የያዘውን አይሁዳዊ መሣል ቀጠሉ። እውነት መነሻ የሆነለት ሥዕል እውነት ሲቀርብለት ይታረማል። በ1937 ሙኒክ ላይ ለተከፈተው ትልቅ ፀረ-አይሁድ ዐውደ ርእይ የተሠራው ፖስተርማ ያው አንድ ሰው በአንድ እጁ የወርቅ ሳንቲም፣ በብብቱ ደግሞ የመዶሻና ማጭድ ምልክት ያለበት ካርታ ይዞ ያሳያል። ባለ ባንክም ኮሚኒስትም ነው። ይህ ሠዓሊ ማንን አይቶ ነው የሣለው?

የመጨረሻው ነጥብ «እኛን አይመለከትም» የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ንዴቴን ልደብቅ አልችልም። ነሐሴ 5 ቀን 1938 ሮም ላይ የፋሺስቱ መንግሥት «ዘርን መከላከል» የተባለ መጽሔት ማውጣት ጀመረ። በመጀመሪያው እትም ሽፋን ላይ ሦስት ራሶች አሉ። አንዱ የጥንት ግሪክ ሐውልት ውብ ፊት ነው፤ ሁለተኛው አፍንጫው የተጋነነ የአይሁዳዊ ቅርጽ፤ ሦስተኛው የአፍሪካዊት ሴት ፊት። ሰይፍ የያዘ እጅ የመጀመሪያውን ከሁለቱ ይለያል። አይሁዳዊውና አፍሪካዊቷ ከሰይፉ ወዲህ አብረው ቀርተዋል። ጸሐፊው «የአውሮፓውያን ዕዳ» ያሉት ሥዕል ላይ እኛም አለን።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ጣልያን አገራችንን በወረረች ጊዜ ለወታደሮቿ ኤንሪኮ ዴ ሴታ የሚባል ሠዓሊ የሣላቸው አስቂኝ ተብዬ ፖስት ካርዶች ታትመው ነበር። በአንዱ ላይ ወታደሩ ፖስታ ቤት ገብቶ አንዲትን ኢትዮጵያዊት እንደ ዕቃ አስሮ ለጓደኛው «ከአፍሪካ ማስታወሻ» አድርጎ ሊልካት ይጠይቃል። በሌላው ላይ የተባይ ማጥፊያ መንፊያ ይዞ በኢትዮጵያውያን ተዋጊዎች ላይ ይረጫል። በዚያው ጦርነት፣ ከታኅሣሥ 1935 ጀምሮ፣ የጣልያን አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ በሕዝባችን ላይ አዝንበዋል። እነዚህን ካርዶችም ወታደሮች እየጻፉባቸው ለእናቶቻቸው ልከዋቸዋል፤ ጀርባቸው ላይ ደኅና ነኝ፣ አትስጉ የሚል ሰላምታ ይኖራል። ጸሐፊው በእነዚህም ላይ «የዘመኑ ቀልድ ነበር» ብለው ይጽፋሉን? እንደማይጽፉ እርግጠኛ ነኝ። እንግዲያውስ ያንኑ ሚዛን ለሌላውም ይያዙ።

በራሳችን ቤትም ወረቀትና ቀለም ያልጠየቀ ሥዕል ነበረን። በጎንደርና በአካባቢው ቤተ እስራኤል ብረት ቀጥቅጠው ማረሻ ሲሠሩልን፣ ሸክላ ጠፍጥፈው ድስትና ጀበና ሲሰጡን፣ «ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» ይባሉ ነበር። ከአውሮፓው ፀረ-አይሁድነት ጋር አንድ ነው አልልም፤ ቡዳ የሚለው ስም በሌሎች የእጅ ባለሙያዎችም ላይ ተለጥፏል፣ ምንጩም ሌላ ነው። ነገር ግን በቡዳነት ስሙ የተጠራበትን ሰው ጠይቁት፤ ልጅ ሆኖ ከጓደኛው ቤት እህል ሲቀርብ ሰው ዓይኑን ሲሸሽበት ምን እንደተሰማው ይንገራችሁ። ቀልድ ነበር የሚል መልስ አትሰሙም።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው መጨረሻ ላይ የጣልያን የዘር ሕግ በ1938 በአይሁድ ላይ እንደ ተጀመረ ጽፈዋል። ይህንን እንዲያርሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጣልያናዊ ዜጋ ከቅኝ ግዛት ተገዢዎች ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር የሚያዘው ድንጋጌ የወጣው ሚያዝያ 19 ቀን 1937 ነው። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 12 የምንለው የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ ከጀመረ (በአውሮፓውያኑ የካቲት 19 ቀን 1937) ልክ በሁለተኛ ወሩ። የሮም አይሁድ ከሌላው ጣልያናዊ ጋር እንዳይጋቡ የከለከላቸው ሕግ የደረሰባቸው ከዚያ አንድ ዓመት ከሰባት ወር በኋላ ነው።